መታዘዝ እስከ ምን ድረስ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ሙስሊም ሕግ አክባሪ ነው። ሥርዓት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠቃው ደካማው ነውና። ታዲያ ዜጋ «እምቢ» ማለት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ የለምን? እኔ አለ እላለሁ፤ ወሰኑም ግልጽ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ጦር ልከው አሚሩን እንዲታዘዙ አዘዟቸው። አሚሩ መንገድ ላይ ተቆጣና እንጨት አስለቅሞ እሳት አስነደደ፤ ግቡበት አላቸው። ሶሓቦቹ ተያዩ፤ ወደ ነቢዩ የመጡት ከእሳት ለመሸሽ ነበርና። በዚህ መሐል እሳቱ ጠፋ፣ ቁጣውም በረደ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ፣ ገብተውበት ቢሆን ኖሮ እንደማይወጡ፣ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነ አስተማሩ። ልብ እንበል! ሶሓቦቹ በአሚሩ ላይ ሰይፍ አልመዘዙም። ያደረጉት አለመግባት ብቻ ነው።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው የፔሻዋር አካባቢ፣ አብዱልገፋር ኻን የተባሉ ሙስሊም መሪ እ.ኤ.አ. በ1929 «ኹዳኢ ኺድማትጋር»፣ ማለትም የአላህ አገልጋዮች የተባለ ንቅናቄ መሠረቱ። ጠመንጃ ክብሩ የሆነውን የፓሽቱን ሕዝብ ያለ መሣሪያ እንዲታገል አስማሉት። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1930 መሪዎቹ ሲታሰሩ ሕዝቡ ፔሻዋር ቂሳ ኽዋኒ ገበያ ወጣ። ጦሩ ተኮሰ፤ ብዙዎች ወደቁ። የጋርህዋል ሬጅመንት ወታደሮች ግን ተኩሱ ሲባሉ እምቢ አሉ። እነርሱ ሂንዱዎች፣ ከፊታቸው የቆመው ሕዝብ ሙስሊም ነበር። በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ታሠሩ።

ከዚህ የምንማረው ግፈኛ ብቻውን ግፍ እንደማይሠራ ነው። የሚተኩስለት ጣት፣ የሚፈርምለት ብዕር፣ የሚመሰክርለት ምላስ ይፈልጋል። እኔ ግዴታ የምለው ይህን እጅ መንፈግን ነው። ያልተስማማንን ደንብ ሁሉ መጣስ፣ ንብረት ማውደም፣ ደም ማፍሰስ ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም። እምቢ ያለ ሰውም ቅጣቱን በሰብር ይቀበላል።

«ታዝዤ ነው» ማለት ያድነን ይሆን? በሱረቱል አሕዛብ፣ አለቆቻችንንና ታላላቆቻችንን ታዘዝን፣ እነርሱም አሳሳቱን የሚሉ ሰዎች ተጠቅሰዋል። ምክንያታቸው ከእሳት አላወጣቸውም።

«የልጆቼስ እንጀራ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በባዶ ምክር አይመለስም። በሐሰት አልፈርምም ብሎ ከሥራ የተባረረ ጎረቤት ቢኖረን የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? የልጆቹን ደብተር ማን ይገዛል? እምቢ ማለቱ የእርሱ ግዴታ ከሆነ፣ እርሱን አለመጣል የእኛ ግዴታ ነው። ይህን ሳናደርግ ከሰው ጀግንነት መጠየቅ አይገባንም።

አላህ ለሐቅ የሚቆሙ፣ የቆመንም የሚደግፉ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።