ለእግዚአብሔር የተሟገቱ ሦስት ወዳጆች (ኢዮ. 42፥7)



በመጽሐፈ ኢዮብ ፍጻሜ ላይ አንባቢን የሚያስደነግጥ ፍርድ ተጽፎ እናገኛለን። እግዚአብሔር ቴማናዊውን ኤልፋዝንና ሁለቱን ባልንጀሮቹን፥ ስለ እርሱ የተናገሩት ቅን እንዳልነበረ ነግሮ ይወቅሳቸዋል፤ ኢዮብ ግን በቅንነት እንደ ተናገረ ይመሰክርለታል። የተወለደበትን ቀን የረገመው፥ ፈጣሪውን ለሙግት የጠራው ኢዮብ ሲመሰገን፥ ለመለኮት ፍትሕ ጥብቅና የቆሙት ተወቀሱ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ኤልፋዝ መናፍቅ አልነበረም። በኢዮብ 5፥13 የተናገረውን ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት፥ ምዕራፍ 3 ላይ ጠቅሶታል። እግዚአብሔር ክፋትን እንደሚቀጣ ማስተማርም ስሕተት አይደለም። ኤልፋዝ የተሳሳተው፥ ኃጢአት መከራን ያመጣል ከሚለው ተነሥቶ፥ መከራ ያገኘው ሁሉ ኃጢአት ሠርቷል ወደሚለው በመሻገሩ ነው። ማስረጃ ሲያጣም በምዕራፍ 22 ላይ፥ ኢዮብ ለተራበ እንጀራ እንደ ነፈገ፥ መበለቶችንም ባዶ እጃቸውን እንደ ሰደደ አድርጎ ይከሰዋል። መጽሐፉ ግን ገና በመክፈቻው የኢዮብን ጽድቅ መስክሯል። እንግዲህ ኤልፋዝ የእግዚአብሔርን ፍትሕ አድናለሁ ብሎ በወዳጁ ላይ በሐሰት መሰከረ።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ስለ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ የኢዮብን ነገር አንሥተው፥ ሥቃይ ሁሉ የበደል ውጤትና ቅጣት ነው ማለት እውነት እንዳልሆነ አስተምረዋል።

ጉዳዩ ከየቁምስናችን የራቀ አይደለም። ልጅዋ በደዌ የተያዘባትን እናት «ንስሐ ግቢ፥ ምክንያት ቢኖር ነው» የሚሏት አይጠፉም። ንስሐ ለሁላችን የተገባ ነው፤ በሕፃን አልጋ አጠገብ እንደ ፍርድ ሲነገር ግን የኤልፋዝ ንግግር ይሆናል። ሦስቱ ወዳጆች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከኢዮብ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ ነበር። ልቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን ሕዝባችንም ያውቅበታል።

ደግሞም ይህን ልብ በሉ። በዚያ ሁሉ ረጅም ክርክር ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ይናገራሉ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እርሱ አይጸልዩም። ኢዮብ ግን፥ በኋላ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ቢገሠጽም፥ ሲያማርር እንኳ ፊቱን ወደ አምላኩ መልሶ ነው። የመከራው ምክንያት እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ የታዘዙት ከሳሾቹ ናቸው። እርሱም ስለ እነርሱ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ተቀበለ።