እንቁላሏን የምትበላ ዶሮ ትበድላለች?

እንቁላል መብላት የለመደች ዶሮ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ወይ ትታረዳለች፣ ወይ ገበያ ትወጣለች። ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የሚደጋግማቸው፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የሚደገፍባቸው ወረዳዎች ናቸው። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ እሱም የእመቤቲቱ የጨው፣ የሳሙናና የልጅ ደብተር ገንዘብ ነው። አስኳሉ ገለባው ላይ ፈስሶ ሲገኝ ዶሮዋ ልጇን የበላች ክፉ እናት ትመስላለች። ነገር ግን ዶሮ ክፉ ልትሆን ትችላለች ወይ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሞት አትጠፋም። የእንስሳ ነፍስ ግን በደሟ ያለች፣ ከደሟ ጋር የምታልፍ ናት። ኃጢአት ሕግን መተላለፍ ነውና ሕግን የሚያውቅበት ልብ ያልተሰጠው ፍጥረት ኃጢአተኛ አይባልም። መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 39 ስለ ሰጎን የሚለውም ወደዚሁ ያደርሳል፤ ሰጎን እንቁላሏን መሬት ላይ ትታ ትሄዳለች፣ በልጆቿ ትጨክናለች፤ ምክንያቱ ግን ፈጣሪ ጥበብን ስላላካፈላት ነው። የዚችው ወፍ እንቁላል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ ተሰክቶ ይታያል፤ ትርጓሜውም ሰጎን ዐይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ምእመንም ልቡን ከአምላኩ እንዳይነቅል ነው። በአንዱ ቸልተኛ፣ በሌላው ትጉህ ሆና ብትታይም በሁለቱም ትምህርቱ ለሰው ነው፤ ወፏ ለፍርድ አትቀርብም።

ከዚህ ጠለቅ የሚለው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ድጓ በሚመሰከርበት በጋይንት ቤተልሔም አገር ይህ መጽሐፍ እንግዳ አይደለም። በምዕራፍ 3 እንደሚተርከው አራዊትና አዕዋፍ ቀድሞ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር፤ አንደበታቸው የተዘጋው አዳም ከገነት በወጣበት ዕለት ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም በመጀመሪያ ለእንስሳትና ለአዕዋፍ የተሰጣቸው ምግብ ለምለም ተክል እንደነበር ይናገራል። በዚህ ትምህርት የእንስሳት ኑሮ የተናጋው በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን በሰው ውድቀት ነው። እንግዲህ በዶሮ ቤት ሥርዓት ሲፈርስ ምርመራው ከሰው መጀመሩ ተገቢ ነው።

ምርመራውም ሩቅ አይወስድም። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። አንዱን ቅርፊት ለመሥራት ከዶሮዋ ሰውነት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይወጣል። ጥሬ ብቻ የምትለቅም ዶሮ ይህን መተካት ያቅታታል። ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ገለባ በሌለው ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ ይሰበራል። የተሰበረውን ትቀምሳለች፤ የጎደላት ፕሮቲን በውስጡ፣ የጎደላት ማዕድን በቅርፊቱ አለ። ከዚያ ወዲያ ደህናውንም መውጋት ትለምዳለች፤ ሌሎቹ አይተው ይከተሏታል። ጥበት፣ የውሃ እጥረት፣ ብርሃን የበዛበት መጣያና ሳይሰበሰብ የሚያድር እንቁላል ልማዱን ያፋጥኑታል። ልጇን በላች የሚለው ክስም አይጸናም፤ አውራ ዶሮ ያልደረሰበት እንቁላል ጫጩት አይሆንም፣ ለመታቀፍ ያልደረሰች ዶሮም በእንቁላሉ ውስጥ ልጅ አታይም። ይህችው ዶሮ የመታቀፊያዋ ጊዜ ሲደርስ ግን 21 ቀን ሙሉ ከእንቁላሎቿ ላይ የምትነሣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ሰው ወግቶ የገደለ በሬ እንዲወገር ያዛል። ባለቤቱ ነጻ ነው፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ይጠየቃል። የበሬው መወገር እንስሳም እንደ ሰው እንደሚቀጣ ሊያስመስል ይችላል። ይሁንና ማስጠንቀቂያው የሚነገረው ለባለቤቱ ነው፤ በሬውን ማንም አያስጠነቅቀውም። ተጠያቂነት ዕውቀትን ይከተላል፤ የዶሮዋን ጉድለት የሚያውቅ ባለቤት ደግሞ ተነግሮታል።

እንስሳን ለመቅጣት የሚደረገው ሁሉ ከንቱ መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። አንዳንዱ ባዶ ቅርፊት ውስጥ በርበሬ ሞልቶ ያስቀምጣል፤ የወፎች ነርቭ ግን የበርበሬን ማቃጠል አይለይም፤ ዶሮዋ ትበላዋለች። መንቁሯን በምላጭ መቁረጥማ ጭካኔ ነው፤ መንቁር ነርቭ ያለው የሚያም አካል ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ይናገራል። ማሰቡም በሥራ ይገለጣል፦ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ጭድ በደንብ ማንጠፍ፣ እንቁላሉን በቀን ሁለት ጊዜ መሰብሰብ፣ ውሃ አለማጓደል፣ የቤቱን ቅርፊት አምሶ፣ መልኩ እስኪጠፋ አድቅቆ ከጥሬው ጋር መስጠት፣ ነፍሳትና ትል የምትጭርበት ቦታ መተው፣ መጣያው ላይ እንቁላል የሚያክል ለስላሳ ድንጋይ ማኖር። የሁዳዴ 55 ቀን ለዚህ ይመቻል፤ ጾመኛ ቤት ዶሮ አይታረድም፣ እንቁላልም አይበላም። ሳይሰበሰብ ከተከማቸ ግን ጾሙ ራሱ ልማዱን ያባብሰዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተወች ዶሮ ለፋሲካ ብትታረድ ነውር የለበትም፤ ከኖኅ ወዲህ ሥጋ ለሰው ተፈቅዷል፤ የምትታረደው ግን ለምግብ ነው፣ በቅጣት አይደለም። አመሏን ደብቆ ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ገበያ አውጥቶ ለሌላ ድኻ መሸጥ ግን ማታለል ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ እውነተኛ ኃጢአት ካለ፣ እሱ ነው።