የተቆረጠው ነጥብ፦ ምጽዋት ወይስ ፍትሕ?

በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ ወደ ላሊበላ ስንጓዝ መኪና እስኪገኝ ድረስ ጋሸና ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት ገብተን ነበር። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ ከሁለቱም ወገን ዩኒቨርሲቲዎች ለዕረፍት የሚመለሱ ተማሪዎች ይገናኙባታል። በዚያን ዕለትም አጠገባችን የተቀመጡ አምስት ያህል ተማሪዎች፣ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከወንዶች ጥቂት ዝቅ ያለ ነጥብ ስለሚጠየቁበት ደንብ ይከራከሩ ነበር።

አንደኛው ወጣት ካህን መሆናችንን አይቶ፣ «አባ፣ እስቲ ይፍረዱን። እኔም በግ እየጠበቅሁ ነው የተማርሁት። አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ሴት ስለሆነች ብቻ ከእኔ ባነሰ ነጥብ ብትገባ ፍትሕ ነው?» አለን። ከሴቶቹ አንዷ የተናገረችው ግን ይበልጥ ከበደን። ጥሩ ውጤት ባመጣች ቁጥር እንኳ «በድጋፍ የገባች» ትባላለች፤ ስለዚህ ደንቡ ባይኖር ትመርጣለች። የእርሷ ነጥብ ግን ለወንዶች ከተቆረጠው እንኳ ያለፈ ነበር!

እኛም ፈጥነን የወይኑን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. 20፣1-16) ጠቀስንላቸው። መልሱ እንደማይገጥም የተረዳነው መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። የወይኑ ጌታ የሚሰጠው ከገዛ ገንዘቡ ነው፤ ምሳሌውም ስለ ቸርነቱ ይናገራል። የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። ደንቡን በቸርነት ብናስረዳ ልጅቱን ተመጽዋች እናደርጋታለን፤ ያቈሰላትም ይኸው ነበር።

ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ እንደሚያስተምረን ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው። በዚህ ደጋ ወንዱ ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ እውነት ነው። ማታ ኩራዝ ሲበራ ግን እርሱ ደብተሩን ሲከፍት እኅቱ ገና ከምጣዱ አልተነሣችም፤ ከዚያ በፊትም ውኃ ቀድታለች፣ እንጨት ለቅማለች። ከእርሷ ለተወሰደው ሰዓት ማንም ስም አላወጣለትም፤ ለተመለሰላት ጥቂት ነጥብ ግን «ድጋፍ» የሚል ስም ወጥቶለታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 የድጋፍ እርምጃን መብት ያደረገው በሴቶች ላይ የደረሰውን ያለፈ በደል መነሻ አድርጎ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለሴቶች በጻፉት መልእክት፣ ለዚህ በደል ከቤተ ክርስቲያን ልጆችም ተጠያቂ የሆኑ ጥቂቶች እንዳልነበሩ በማሰብ ኀዘናቸውን ገልጠዋል።

የእረኛው ወጣት ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም። ጾታን ብቻ የሚያይ ደንብ እርሱን አያየውም፤ በዚህ እውነት አለው። ከዚህ የሚከተለው ግን እርሱም ይታይ የሚል ነው እንጂ እርሷ ትረሳ የሚል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የመግቢያው ነጥብ ለወንድም ለሴትም ከመቶ 50 ሆኖ ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሲያልፉ፣ በየቤቱ ያለው የማታ ሥራ ግን እንደነበረ ነው።

ስለ ስሙ ደግሞ የላስታ ሰው የሚያውቀውን እናንሣ። ንጉሥ ላሊበላ ሲያንጽ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙት እንደነበር፣ ንግሥት መስቀል ክብራም ቤተ አባ ሊባኖስን በመላእክት እርዳታ እንዳሠራች ትውፊት ይናገራል። ስለዚህ እገዛ የንጉሡን ሥራ ያቃለለ ሰው እስካሁን አልሰማንም።

ካቴኪስቶቻችንም የማታውን ትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ሲወስኑ ማንን አስበው እንደሆነ ይመርምሩ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የምንጠራው ጉባኤ ወንዶች ልጆችን ይሰበስባል፤ ሴቶቹን «ቀሪ» ብለን እንመዘግባለን። እኛም ራሳችን ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስንመዘግብ ኖረናል።