ማጨጃ ስትገዙ ሞረድም ግዙ

ክረምት ሲገባ ባሕር ዳር በሣር ትሸፈናለች። የዘንባባው ሥር፣ የሆቴሉ ግቢ፣ የጣና ዳር መናፈሻው ታጭዶ ሳይሰነብት መልሶ ያድጋል። የሣር ማጨጃ ማሽን ሲያጓራ ይውላል፤ በማግስቱ ግን የሣሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ያኔ አትክልተኛው ይወቀሳል፤ ማሽኑም «የቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። ምላጩን ገልብጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስል ምላጭ ሣሩን ይቆርጠዋል፤ የዶለዶመ ይቦጭቀዋል። የተቦጨቀ ጫፍ ይደርቃል፤ ሞተሩም በከንቱ ይለፋል።

ስለዚህ ማጨጃ ያላችሁ ሁሉ ምላጩን በየጊዜው ሳሉ። አስቀድማችሁ ሞተሩን አጥፉና የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፣ የተቆረጠ ጣት ደግሞ መልሶ አይበቅልም። ማሽኑን ስታጋድሉ የአየር ማጣሪያው በላይ በኩል ይሁን፤ አለዚያ ዘይት ይገባበታል። ምላጩን ፈትታችሁ በሞርሳ አጥብቁና የፊተኛውን የስለት አቅጣጫ ሳትለቁ ሞርዱት። በግራይንደር አትቸኩሉ፤ ግሎ ሰማያዊ የሆነ ብረት ጥንካሬውን ያጣል። ስትጨርሱ በመሀል ቀዳዳው ሚስማር ላይ ስቀሉት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የከበደውን ወገን ጨምራችሁ ሞርዱ። ሚዛን ያጣ ምላጭ ማሽኑን እያንቀጠቀጠ ይጎዳዋል።

ሩዝ የሚያመርተው የፎገራ ገበሬ ይህን መካሪ ሳይሻ ያውቀዋል። የሩዝ አገዳ ሲሊካ ስለሚበዛበት ስለት ቶሎ ያዶለዱማል፤ ማጭዱን ሳይስል አዝመራ የሚገባ ደግሞ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ እህሉንም ያራግፋል። ከተሜው ግን ማሽን ስለገዛ ከመሳል የተገላገለ ይመስለዋል።

ነገሩ ከግቢ ሣር ያልፋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ከታየ ወዲህ ማጨጃ ማሽኖች ተገዝተዋል፣ በእርዳታም መጥተዋል፤ በብልሽትና በመለዋወጫ እጦት መቆማቸውም ተደጋግሞ ተነግሯል። እምቦጭ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ የቆመ ማሽን እስኪጠገን አይጠብቅም። ማሽኑ ሲቆም ሸክሙ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ለሚነቅለው የሐይቁ ዳር ገበሬ ይተርፋል።

እናም የግዢ ፊርማ በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች፣ ማሽን ስታዝዙ መለዋወጫውንና የጥገና በጀቱን አብራችሁ ያዙ። የሆቴልና የግቢ ባለቤቶች፣ ትርፍ ምላጭና ሞረድ ይኑራችሁ፤ ለአትክልተኛውም ለመሳያ የሚሆን ሰዓት ከደመወዙ ሳትቆርጡ ስጡት። አትክልተኛው ተቀምጦ ሲሞርድ ብታገኙት «ሥራ ፈታህ» አትበሉት፤ ሥራውን እየሠራ ነው።