ርኅራኄና አገልግሎት

እንግዳ ተቀባይነት ሲነሣ እኛ ኢትዮጵያውያን ራሳችንን ለማመስገን አንዘገይም። ይህን ምስጋና ከልጅነታችን ጀምረን እየሰማን ስላደግን፥ እንግዳን መቀበል ከእናት ጡት ጋራ የሚጠባ እንጂ በትምህርት የሚገኝ ነገር አይመስለንም። እኔ ግን ወጣት አንባቢዎቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልቡ ደግ የሆነ ሰው እንግዳን ለማገልገል መሠልጠን ያስፈልገዋልን? ይልቁንም እንግዳው ዓይነ ስውር፥ መስማት የተሳነው፥ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ በሆነ ጊዜ፥ ደግነት ብቻውን ይበቃልን?

ምሳሌዬን ከምኖርበት ከጨንቻ አመጣለሁ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከዐባያና ከጫሞ ሐይቆች ቆላ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ብርዳማ ደጋ ያደርሳል። በመንገዱ ላይ ዶርዜ አለ። መንገደኞች ከሩቅ አገር የሚመጡት በቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራውን፥ ፊቱ የዝሆን ራስ የሚመስለውን ረጅም ቤት፥ የሸማኔውን ሥራና የቆጮውን አጋገር ለማየት ነው።

እንግዲህ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ መንገደኛ ከነዚህ ቤቶች ደጅ ደረሰ እንበል። ገና አፉን ሳይከፍት አራት ጐበዛዝት ሮጠው ወንበሩን ከነሰውየው ብድግ ያደርጉታል። ቆመው የሚያዩትም «እኔን!» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። አስጐብኚው ደግሞ እንግዳውን ትቶ አብሮት የመጣውን ወንድሙን «ሻይ ይጠጣል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከነዚህ ሰዎች መካከል አንድ ስንኳ ክፉ የለም። ሆኖም እንግዳው ለዚያች ሰዓት እንደ ዕቃ ተቈጥሯል። ገንዘቡን ከፍሎ አገር ሊጐበኝ መጣ እንጂ ምጽዋት ሊለምን አልመጣም።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ርኅራኄ ብቻውን ሲሆን ስለ ሌላው ሰው ራሱ ይወስናል፤ አገልግሎት ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። በወንጌል እንደምናነበው፥ ጌታ በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ዓይነ ስውር ከመፈወሱ በፊት ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠይቆታል። የሰውየው ዓይን አለማየቱ ለሁሉ ግልጥ ነበር፤ ፈቃዱን ግን ከራሱ በቀር የሚናገርለት አልነበረም።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንዲህ ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፤ «በእኛ ባህል እንግዳን ትበላለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ንፉግነት ነው፤ ደግ ሰው ሳይጠይቅ ያቀርባል፥ በሞቴ ብሎም ያጐርሳል።» ይህ እውነት ነው፤ ልማዱም የሚያምር ነው። ነገር ግን ያላሰኘው እንግዳ እንጀራውን ከመሶቡ ላይ ሊተወው ይችላል። ያለ ፈቃዱ የተያዘውን ክንዱን፥ ያለ ፈቃዱ የተገፋውን ወንበሩን ግን የት ይተወዋል? ስለዚህ በምግብ ያማረው ልማድ በሰው አካል ላይ ሲደርስ ድፍረት ይሆናል።

መጠየቅ ብቻም አይበቃም፤ እጅም መማር አለበት። ዓይነ ስውርን የሚመራ ሰው ክንዱን ይዞ አይጐትተውም፤ የራሱን ክርን ሰጥቶ እንግዳው እንዲይዘው ያደርጋል፥ ደረጃም ሲመጣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን ይነግረዋል። መስማት ለተሳነው የሚያስረዳ ፊቱን ወደ እርሱ መልሶ ይናገራል፤ አስተርጓሚ ቢኖርም ዓይኑን ከእንግዳው ላይ አያነሣም። ወንበሩን በዳገትና በቍልቍለት እንዴት እንደሚይዙት ከባለቤቱ ይጠይቃል። ዓይነ ስውር ዶርዜ ድረስ ምን ሊያይ ይመጣል የሚሉ አሉ። የቀርከሃውን ጥልፍ በእጁ ይዳስሳል፥ የሸማኔውን መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፥ የቆጮውን ሽታ ያሸታል፤ እኛ በዓይናችን ቸኩለን የምናልፈውን እርሱ ቆሞ ይመረምረዋል። አስጐብኚው ይህን አስቀድሞ ካልተማረ ግን እንግዳው ደጅ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

ከሁሉ በላይ መማር ያለብን እውነት መናገርን ነው። መንገደኛው አስቀድሞ በስልክ «ደረጃ አለ ወይ? የመጸዳጃ ቤቱ በር ለወንበሬ ይበቃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መልሳችን ብዙ ጊዜ «ችግር የለም» ነው። እንግዳን ላለማሳዘን የተነገረች ይህች ቃል መንገደኛውን ረጅም መንገድ አስጕዛ ከማይገባበት በር ታቆመዋለች። በሜትር ለክቶ «በሩ ጠባብ ነው፥ ሦስት ደረጃም አለ፤ ምን ብናደርግ ይሻልሃል?» የሚል ሰው የበለጠ አክብሮታል። የዶርዜ ሰዎች ቤታቸው ሲያስፈልግ ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። ቤት ማንሣት የሚችል ሕዝብ በደጁ ሳንቃ መዘርጋት አያቅተውም፤ የሳንቃውን ልክ ግን ከባለ ወንበሩ መጠየቅ አለበት።

ይህ ከበጎ ፈቃድ ያለፈ ግዴታ ነው። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሥልጠና እንዲሰጥ፥ በአንቀጽ 30 የቱሪዝም ስፍራዎች ለአካል ጉዳተኞች ክፍት እንዲሆኑ ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው ከፍተኛ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ ይኸውም ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን እንደ ድንቅ የሚመጣ እንግዳ አድርገን ልንቈጥራቸው አንችልም።

በወንበር ለተቀመጠ ሰው ጐንበስ ብሎ፥ ዓይን ለዓይን ተያይቶ መናገር ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ካለ የጋሞን ሽማግሌዎች ያስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው ከተገደሉ በኋላ፥ በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡት ወጣቶች ፊት ለምለም ሣር ይዘው ተንበረከኩ። በዚህም ክብራቸው በአገሩ ሁሉ ከፍ አለ እንጂ አልተቀነሰም።

በመጨረሻ የምለው የሚከብድ ነገር ነው። በማስተማር ዘመኔ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ በጓዳ የቀሩ ብዙ ልጆች እንደነበሩ ዐውቃለሁ፤ ወላጆቻቸው ጐረቤት እንዳያያቸው ያፍሩ ነበር። የራሱን ልጅ በጓዳ ደብቆ ከባሕር ማዶ የመጣውን አካል ጉዳተኛ በፈገግታ የሚቀበል ሰው፥ የተቀበለው እንግዳውን ነው ወይስ ገንዘቡን? በሕፃንነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ተምረው እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ትምህርት ባያገኙ ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር?

ስለዚህ ልጆቼ፥ ከእናንተ መካከል አስጐብኚ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ለመሆን የምታስቡ፥ አልጋ ማንጠፍና ትሪ መያዝ በተማራችሁበት ክፍል ይህም ትምህርት እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መምህሩም በመንደራችሁ ያለው ዓይነ ስውር ወይም በክራንች የሚሄደው ጐረቤታችሁ ይሁን፤ የመምህርነት ደመወዙም ይከፈለው። መንገዳችሁን ከእርሱ ጋራ ሂዱበት፥ በራችሁን ከእርሱ ጋራ ለኩት። የሩቁን እንግዳ መቀበል የምትማሩት ከእርሱ ነው።