ስንቅ ሳይቋጠር ስለሚጀመር መንገድ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገውን ሳያሟላ ቢጀምር ጥፋቱ የማን ነው? የጀማሪው ነው ወይስ «ሂድ፥ ይበቃሃል» ብሎ የሸኘው? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሌላ ሰው የሚጠየቀው አድርጌ እመለከተው ነበር። አሁን ግን ከራሴ ደጅ መጣ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት፥ በዘጠነኛ ክፍል ያስተማርሁት አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደ ቤቴ መጣ። ኮሌጅ ገብቶ ካልኩለስ የሚባለውን ትምህርት ሊጀምር ነውና እናቱ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥበት ገንዘብ አጠራቅማ የመጽሐፍ መግዣ ሰጥታዋለች። ብሩን በደብተሩ መካከል ይዞት ነበር። «ጋሼ፥ የሚሻለውን መጽሐፍ ስሙን ይጻፉልኝ፤ የትኛው ካልኩሌተር እንደሚሻልም ይንገሩኝ» አለኝ።

ስሙን ከመጻፌ በፊት ወረቀት ሰጠሁትና አንድ ትንሽ ነገር አዘዝሁት። ከገደል የተለቀቀ ድንጋይ የሚወርደው ርቀት በሜትር ሲለካ፥ በግምት የሴኮንዱ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ እንደ ገና በ5 ሲባዛ ነው፤ በ3 ሴኮንድ 45 ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ልክ በ3ኛው ሴኮንድ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ካልኩለስ የሚጠይቀው ይህን ነው። በ3 ላይ እጅግ ጥቂት ጊዜ እንጨምራለን፤ ስሙን «ኤች» እንበለው። 3 ሲደመር ኤች በራሱ ሲባዛ 9፥ ደግሞም 6 ኤች፥ ደግሞም በራሱ የተባዛ ኤች ይሆናል። ይህን በ5 አባዝተን 45ቱን ቀንሰን የቀረውን ለኤች ብናካፍል 30 ሲደመር 5 ኤች እናገኛለን። ኤች ወደ ዜሮ እየተጠጋ ሲሄድ በሴኮንድ 30 ሜትር የሚለው መልስ ብቻውን ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ሥራ የካልኩለስ የሆነችው የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት፤ ሌላው የዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ነው።

ልጁ 3 ሲደመር ኤችን በራሱ ሲያባዛ 9ኙንና በራሱ የተባዛውን ኤች ብቻ ጻፈ። መካከለኛዋ 6 ኤች ጠፋች። እርሷ ከጠፋች በመጨረሻ የሚቀረው 5 ኤች ብቻ ነውና መልሱ ዜሮ ይሆናል፤ ድንጋዩ እየወደቀ ሳለ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ ማለት ነው። ልጁ አንድም ነገር አልጠረጠረም፤ ዜሮውን አሳምሮ አሠመረበትና ቀና ብሎ አየኝ።

በዚያች ሰዓት ያፈርሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ስሕተት በገዛ እጄ ባረምሁት የፈተና ወረቀቱ ላይ አይቼው ነበር። የእናቱን ድካም ስለማውቅ፥ ልጇ ክፍል ቢደግም ልቧ ይሰበራል ብዬ የጎደለውን ማርክ ሞልቼ አሳለፍሁት። ያን ጊዜ ርኅራኄ መስሎኝ ነበር። ለካ ባዶ አገልግል አስሬ ሸኝቼዋለሁ። አገልግል ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ የሚከፈተው ግን ከቤት ከራቁና ከተራቡ በኋላ ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ እንዲህ አልተሸኘሁም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አልጀብራ ሊጀመር ሲል አስተማሪያችን መጽሐፉን በቁም ሣጥን ቆልፎ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክፍልፋይ ብቻ አሠራን። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች «ኤክስ» እና «ዋይ» ሲሉ እኛ ግማሽና ሲሶ እንደምር ስለ ነበር አጥብቀን ጠላነው። (ደግሞም በየማለዳው እርሳሳችን መቀረጹን ይመረምር ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።)

«ሁሉ ነገር ተሟልቶለት የሚጀምር ማን አለ?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ሕንዳዊው ራማኑጃን ወረቀት ተወድዶበት ሒሳቡን በድንጋይ ሰሌዳ ላይ እየሠራ በክርኑ ያጠፋ ነበር። ነገር ግን ለራማኑጃን የጎደለው ወረቀት ነው እንጂ አልጀብራ አልነበረም። የዕቃ ጉድለትና የመሠረት ጉድለት አንድ አይደሉም፤ ፊተኛውን በገንዘብ ወይም በብልኀት ያልፉታል፥ ኋለኛውን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከመሙላት በቀር መድኃኒት የለውም። መመለስ ደግሞ ያሳፍራል።

የካልኩለስ አባት ከሚባሉት አንዱ አይዛክ ኒውተን ግን አላፈረም። የሒሳብ ሊቁ ደ ሟቭር እንደ ተረከው፥ በ1663 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ ከገበያ አንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ገዛ። በመጽሐፉ ያለውን የሰማይ ሥዕል ትሪጎኖሜትሪ ባለማወቁ ሊረዳው አልቻለም። የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ ገዛ፤ ማስረጃውን መከተል አቃተው። ስለዚህ ዩክሊድን፥ ማለት የጂኦሜትሪን መጀመሪያ፥ ያዘ። ፊት ቀላል ነው ብሎ ንቆት ነበር፤ ኋላ ግን ተመልሶ አነበበው። ዩኒቨርሲቲው በወረርሽኝ በተዘጋበት በ1665 እና በ1666 እ.ኤ.አ. የካልኩለስን መሠረት የጣለው ይኸው ሦስት ጊዜ ወደ ታች የወረደ ልጅ ነው።

ስለ መጽሐፉ ከጠየቃችሁኝ ነገሩ ዛሬ ቀላል ነው። በአሜሪካ አገር በራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኦፕንስታክስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ቅጽ የካልኩለስ መጽሐፍ ለሁሉ በነጻ አቅርቧል፤ በስልክም ይነበባል። አሮጌ እትምም ቢሆን አያሳስብ፤ የድንጋዩ አወዳደቅ አልተለወጠም።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርሁት፤ የማርኩንም ነገር አልደበቅሁትም። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ያ ውጤት የኔ አልነበረም?» አለኝ። የኔ ነበረ፥ አልሁት። ብሩን ከነደብተሩ አንሥቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ከታናሽ እኅቱ የተዋሰውን የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ለትምህርቱ መክፈቻ አምስት ሳምንት ቀርቶን ነበርና በየቀኑ ከምሳ በኋላ በገበታዬ ተቀምጠን ሠራን። አንድ ቀን እናቱ በመንገድ አግኝታኝ «መምህር፥ መጽሐፉ ተወደደ እንዴ? ብሩን መለሰልኝኮ» አለችኝ። ገና ነው፥ ቆይቶ ይገዛል፥ አልኋት። የማርኩን ነገር ግን እስከ አሁን ድረስ አልነገርኋትም።