የካርቱም ጉድጓዶችና የጨው ውኃ ገንዳ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት፣ ወንዝ የተረፋት፣ ባሕር ግን የሌላት ከተማ ናት። ቀይ ባሕር ያለው ፖርት ሱዳን ነው፤ በመኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በዚህች ከተማ በሳሎኑ የባሕር ዓሣ ሊያኖር የተነሣ ሰው ባሕሩን ራሱ ማዘጋጀት አለበት። የቧንቧውን ውኃ ያጣራል፣ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይበጠብጥበታል፣ በትነት የጎደለውን በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ይሞላል። መብራት በጠፋ ቁጥር አየር የሚነፋው ሞተር ስለሚቆም የባለቤቱ ልብ አብሮ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ደክሞ ባቆመው ገንዳ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ነገር ያያል። ትናንት ጎኑን ከድንጋዩ ጋር ሲያሽ የነበረው ዓሣ ክንፎቹ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች አውጥቷል፤ አንድ ሰው በጣቱ ቆንጥሮ ጨው የነሰነሰበት ይመስላል። ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባለቤቱ እየሮጠ ሄዶ መድኃኒት ገዝቶ ገንዳው ውስጥ ይጨምራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ፍሬዎቹ ይጠፋሉ። ዳነልኝ ብሎ እፎይ ይላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ነጩ ፍሬ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን አንዱን ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነው የሚይዘው።

የባሕር ዓሣ አርቢዎችን ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። መፍትሔውን ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ከመቶ ዓመት በፊት በዚያችው በካርቱም ወደተሠራ አንድ ሥራ ነው። ሥራው ዓሣን አይመለከትም፤ ወባን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ሆኖ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመድኃኒት ነጋዴው ሄንሪ ዌልካም ካርቱምን ጎብኝቶ ለአንድ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ለገሰ። ቤተ ሙከራው በ1903 በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ ኮሌጁ የዛሬው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው። ዳይሬክተር ሆኖ የመጣው ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ባልፎር ሲሆን፣ የከተማዪቱ ጤና ኃላፊነትም በእጁ ነበር። እስከ 1913 ቆይቷል።

ለታመመ ሰው በዚያ ዘመንም መድኃኒት ነበር። ኪኒን ይሰጠዋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል። ነገር ግን አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቃል። ባልፎር ከአልጋው ይልቅ ወደ ውኃው ሄደ። የካርቱም ግቢዎች የየራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው። እጯ ውኃ ውስጥ ብታድግም የምትተነፍሰው ከላይ ካለው አየር ስለሆነ ወደ ውኃው ገጽ መውጣት አለባት። በጉድጓዱ ላይ ስስ የነዳጅ ዘይት ከተንሳፈፈ ታፍና ትሞታለች። ስለዚህ ጉድጓዶቹን እየዞሩ የሚያዩ ሰዎች ተመደቡ፤ እጭ የተገኘበት ዘይት ይፈስበታል፣ ወንዙ ሲጎድል በዳርቻው የሚቀረው ኩሬም ይታያል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው የጊዜው ነገር ነው። ትንኝ በሞቃት አገር ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሁለት ሳምንት ቢበቃት ነው። ጉድጓዱን ዛሬ አይቶ ከወር በኋላ የሚመለስ ሰው ምንም አልሠራም። ተቆጣጣሪው መመለስ ያለበት ትንኟ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ነው። የምልልሱን ቀን የሚወስነው የሠራተኛው ምቾት ሳይሆን የነፍሳቷ ዕድሜ ነበር። ሥራው በቅኝ ገዢ አስተዳደር ትእዛዝ የተካሄደ መሆኑን አልረሳም፤ ግቢው ሲፈተሽ ፈቃዱን የተጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ዝናውም ለባልፎር ይሁን እንጂ፣ በዚያ ፀሐይ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ አንገቱን ደፍቶ እጭ ሲፈልግ የኖረው ሌላ ሰው ነው።

ጉድጓዶቹ ከጸዱ በኋላም ትንኝ ከተማው ውስጥ መገኘቷ አልቀረም። ከየት መጣች? መልሱ ወንዙ ላይ ነበር። በዓባይ የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች በሆዳቸው በተጠራቀመው ውኃ ውስጥ እጭ ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ መርከቦቹም መፈተሽ ጀመሩ። ካርቱም በዚያ ዘመን በሐሩር አገሮች ወባን በመቆጣጠር ስሟ የሚጠራ ከተማ የሆነችው በሽተኛውን በማከም ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱንም መርከቡንም በመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዳው እንመለስ። ነጩን ፍሬ የሚያወጣው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ ይባላል። ይህን ስም በ1951 ያወጣችለት ኢ. ኤም. ብራውን ናት፤ ጥናቷን ያካሄደችውም በለንደን የእንስሳት ማኅበር ውስጥ፣ በአኳሪየም ዓሦች ላይ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1931፣ ሌላውንና ይበልጥ ፈጣኑን ገዳይ፣ ዓሣውን ወርቃማ አቧራ የነፋበት የሚያስመስለውን አሚሉዲኒየምን የገለጸችም እሷው ናት። እነዚህን ጥገኞች በደንብ እንድናውቃቸው ያደረገን ከባሕሩ ይልቅ በመስታወት የታጠረ ውኃ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በሰፊው ባሕር የተፈለፈለ ጥገኛ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ ሳያገኝ ይሞታል። ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የትም አይሄድበትም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የምናየው ነጭ ፍሬ ቆዳው ላይ የተለጠፈ ሳይሆን ከቆዳው ስስ ሽፋን ሥር የተቀበረ ነው። እዚያ ሆኖ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያህል ይመገባል። ሲጠግብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ፣ ዓሣውን ለቆ ይወርድና አሸዋው ወይም ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ውስጥ እየተከፋፈለ በመቶዎች ይባዛል። አብዛኛው ከሦስት ቀን እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ እስከ 72 ቀን የቆየም ተመዝግቧል። የተፈለፈሉት ግን ዓሣ ካላገኙ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖሩም።

እንግዲህ በአራተኛው ቀን ፍሬው የጠፋው ዓሣው ስለዳነ አልነበረም። ጥገኛው ጠግቦ ስለወረደ ነው። መድኃኒት የሚያገኘው እየዋኘ ዓሣ የሚፈልገውን ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውንም ቅርፊት ውስጥ ያለውንም አይነካውም። የካርቱም ትንኝ በዘይት የምትገደለው እጭ ሳለች እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም የሚጠቃበት አንድ ጠባብ በር አለው። በሩ የሚከፈትበትን ቀን የሚያውቀው ደግሞ ዑደቱን የቆጠረ ሰው ነው።

በዋናው ገንዳ ውስጥ መድኃኒት መጨመር ሌላም ጣጣ አለው። ብርብራን የሚያውቅ የአገሬ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የዛፉ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ሁሉ ናላው ዞሮ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሽ፣ የሚበላ የማይበላ ብሎ አይመርጥም። ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉንም ያዳርሳል። ለዚህ በሽታ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው መድኃኒት መዳብ ነው፤ በአንድ ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሲሆን ጥገኛውን ይገድላል፤ ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውንም አብሮ ይጨርሳል። ድንጋዩና አሸዋው ደግሞ መዳቡን እየመጠጡ መጠኑን ያዛባሉ። ስለዚህ መዳብ የሚሰጠው ድንጋይም አሸዋም በሌለበት ባዶ ገንዳ፣ በየቀኑ እየተለካ ነው። ከወባ ክኒንነቱ የምናውቀው ክሎሮኪንም ለእነዚሁ የዓሣ ጥገኞች ይውላል፤ እሱም የሚሰጠው በተለየ ገንዳ ነው።

መድኃኒት የማይጠይቅ መንገድም አለ፤ እኔ የማደንቀው እሱን ነው። ዓሣውን በየሦስት ቀኑ ወደ ሌላ ንጹሕ ገንዳ ማዛወር፣ የለቀቀውን ገንዳ አጥቦ ማድረቅ፣ ይህን አራት ጊዜ መደጋገም። ጥገኛው ወርዶ ቅርፊት ሲያበጅ፣ ሳይፈለፈል ዓሣው ጥሎት ይሄዳል። ይህ የጉድጓድ ተቆጣጣሪዎቹ ስሌት ነው፤ ነፍሳቷ ከመድረሷ በፊት ቀድሞ መድረስ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት የፕላስቲክ ገንዳ፣ ለየብቻ የተያዘ መረብና ባልዲ፣ የአየር መንፊያ፣ ዓሣው የሚደበቅበት ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። በአንዱ ገንዳ የረጠበ እጅ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ወደ ሌላው መግባት የለበትም።

ዋናው ገንዳ በዚህ ጊዜ ምን ይሁን? ያለ ዓሣ ይቆይ። ኮራሉና ቀንድ አውጣው ጥገኛውን ስለማይመግቡት እዚያው ይኖራሉ። የተፈለፈለው ሁሉ የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ሰው የሚሸነፈው ግን እዚህ ላይ ነው። ባዶ ገንዳ ለሁለት ወር ተኩል መመልከት ያሳዝናል፤ በአርባኛው ቀን አንድ ዓሣ ብቻ ልጨምር የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያ አንድ ዓሣ የተቆጠሩትን ቀናት ሁሉ ከንቱ ያደርጋቸዋል።

አዲስ ዓሣ ደግሞ ዓባይ ላይ እንደምትመጣው መርከብ ነው፤ ከላይ ንጹሕ፣ ከሆዱ የማይታወቅ። ጥገኛው ስንጥቡ ውስጥ ተደብቆ ቆዳው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ከሻጩ ፕላስቲክ ከረጢት በቀጥታ ወደ ዋናው ገንዳ የሚገባ ዓሣ ሊኖር አይገባም፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ውኃማ ጭራሽ አንዲት ጠብታ እንኳ መግባት የለበትም። ቢያንስ 30 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ ይብላ፣ ይታይ። ዓይኑ የደፈረሰ ከሆነ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይነከር። ዓይኑን የሚያደፈርሰው ሌላ ጥገኛ፣ መስታወት የመሰለ ጠፍጣፋ ትል፣ በዓይን አይታይም ነበር፤ ጨው በሌለበት ውኃ ግን እየነጣ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ከባልዲው ሥር ሲረግፍ ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ ዓሣ ሳይለይ አያስገባም።

ካርቱም በባልፎር ዘመን ያገኘችውን ይዛ አልቀረችም። ወባ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የካርቱምን ግዛት ከወባ ነጻ የማድረግ ዘመቻ እንደገና ተጀመረ፤ ትንኝ የሚራባበትን ኩሬ የሚፈጥሩ የተቀደዱ የውኃ ቧንቧዎችን መጠገንም የሥራው አካል ነበር። በሚያዝያ 2023 በአገሪቱ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፣ አገልግሎት ተቋረጠ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የነበሩት ሕያው እንስሳት ተንከባካቢዎቻቸው ሊደርሱላቸው ስላልቻሉ አለቁ። በአጥር ወይም በመስታወት ውስጥ ያኖርነው ፍጥረት ከእኛ በቀር ማንም የለውም፤ የዓሣ ገንዳንም እንደ ዋዛ የማላየው ለዚህ ነው።

እባካችሁ፣ ከዓሣው በፊት የማቆያውን ገንዳ ግዙ። በሽታው ገብቶባችሁ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ዓሣ ከዋናው ገንዳ የወጣበትን ቀን መስታወቱ ላይ ጻፉና ከዚያ 76 ቀን ቁጠሩ። መስከረም 1 ቀን ባዶ የሆነ ገንዳ ዓሣ የሚቀበለው ኅዳር 17 ነው።